እንጉዳዩና ድንቼ

የሰው ልጅ ስሙን መርጦ አይወለድም። አባት ያወጣል፣ እናት በልቧ ሌላ ትይዛለች፣ ቄሱ ክርስትና ሲያነሱ የራሳቸውን ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት አልፎ፣ አንድ ቀን አንድ ጥጋበኛ ጓደኛ ምሳ እየበላ፣ አፉን እንኳ ሳይጠርግ፣ አንድ ቃል ይወረውራል። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባት ድግስ ደግሶ ያወጣው ስም ለፖስታ ቤትና ለፖሊስ ብቻ ይቀራል። "ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት" የሚለው ተረት ለሐሜት የተተረተ ቢሆንም ለቅጽል ስምም በደንብ ይሠራል። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" የሚሉም አሉ። እኔ እንዳየሁት ግን መልአኩ ሥራ ይበዛበትና ብዙውን ጊዜ ለጓደኛ ውክልና ይሰጣል።

እስቲ እናንተም አንድ ጊዜ ንባባችሁን አቁሙና የልብ ጓደኛችሁን አስቡ። ያንን አብሯችሁ የበላውን፣ የጠጣውን፣ ሲያማችሁ ደጃችሁን የረገጠውን ሰው። የአባቱን ስም ታውቃላችሁ? የአያቱንስ? ግንባራችሁን ያላላባችሁ ዝለሉት፤ ያላባችሁ ሰዎች ይህ ወግ ለእናንተ ነው። እኔ እንዲያውም የጓደኛዬን የራሱን ስም ሳላውቅ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ።

ይህ የእኛ የሐበሾች አመል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ስህተቴን ያረመችልኝ ደግሞ ሙዚቃ ናት።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ በስደት፣ ኦክላንድ ከተማ፣ የሚስ ዶረቲ ሾፌር ነበርኩ። ሚስ ዶረቲ ፒያኖ ቃኚ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው ለመኪና መንዳት የማይበቃ፣ ጆሯቸው ግን በሦስተኛው ክፍል የምትበር ትንኝ ድምፅ ዝቅ ማለቱን የሚለይ አሮጊት። እኔ እነዳለሁ፣ የመሣሪያ ቦርሳቸውን እሸከማለሁ፣ እሳቸው ፒያኖውን ከፍተው ሽቦውን ሲያጠብቁና ሲያላሉ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያልገባንበት ሳሎን የለም። ቅኝቱ ሲያልቅ ሁልጊዜ አንዲት አጭር ዜማ ይጫወቱና "ይህች የእንጉዳዩ ናት" ይላሉ።

መጀመሪያ ላይ ምግብ ያማራቸው መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሚስ ዶረቲ እነዚያን የጥንት የሙዚቃ ደራሲዎች በሙሉ የሚጠሯቸው ወዳጆቻቸው በሚጠሯቸው ስም ነው። አንደኛው "አባባ" ነው። በሥሩ ያሉ ሙዚቀኞች እንዲያ ይሉት ነበር አሉ፤ እረፍት ሲያምራቸው ከጌታው ዘንድ የሚያማልዳቸው እሱ ስለነበረ። አንደኛው ጠጉሩ ቀይ የነበረ ካህን ነው፤ "ቀዩ ቄስ"። አንደኛው በልጅነቱ ፊቱ ጠየም ስለሚል የሰፈሩ ሰዎች "እስፓኛዊው" ያሉት ነው፤ በኋላ ዓለም ሁሉ የፈራውን ያንን ቁጡ ሰውዬ እናቱ በር ላይ የቆሙ ጎረቤቶች እንደዚያ እያሉ ሲጠሩት ይታያችሁ። "እንጉዳዩ" ደግሞ አጭርና ድንቡሽቡሽ ያለ፣ መነጽሩን የማያወልቅ፣ ጓደኛ የሚወድ፣ ገንዘብ የማይበረክትለት ልጅ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመቱ ሞተ። ሚስ ዶረቲ ይህን ሲነግሩኝ ባለፈው ሳምንት ለቅሶ የደረሱ ነበር የሚመስሉት።

የእነዚህን ሰዎች ዋና ስም እዚህ አልጽፍም። ሚስ ዶረቲም አይጠሩትም ነበር። "የሸክላው ሽፋን ላይ ያለው ስም ለሚገዛው ሰው ነው" ይሉኝ ነበር፤ እኔም የአሠሪዬን ቃል አከብራለሁ።

አሁን ወደ ድንቼ ልመልሳችሁ።

ድንቼ ስሙ እንደሚያስጠረጥረው ክብ ሰው አይደለም። እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ ቀጭን ነው። ስሙን ያገኘው ካርቱም ነው። አምስት ሆነን አንዲት ክፍል ስንኖር የማብሰል ተራ ሲደርሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ድንች። ቅቅል ድንች፣ ጥብስ ድንች፣ የድንች ወጥ፣ ድንች በድንች። ሳቅንበት። በኋላ ግን ክፉ ወራት መጡና፣ ሥራም ገንዘብም የጠፋ ጊዜ፣ የሁላችን ተራ ባዶ ድስት ሲሆን የእሱ ተራ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከየት እንደሚያመጣው እንጃ፤ ብቻ ድንች ይዞ ይመጣል። ስድብ ሆኖ የጀመረው ስም እዚያች ክፍል ውስጥ ማዕረግ ሆነ። ኦክላንድ ስንገባም አብሮን ገባ።

"ታዲያ እውነተኛ ስሙን ምነው አልጠየቃችሁት?" ትሉኛላችሁ። በእኛ የወጣትነት ዘመን የጓደኛን ሙሉ ስም አለመጠየቅ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ደግነትም ነበር። የማታውቀውን ስም ቢገርፉህም አታወጣም። አገር ስንለቅ ሥጋቱ እዚያው ቀረ፤ ልማዱ ግን ቪዛ ሳይጠይቅ ተከትሎን ገባ። ቴሌግራፍ አቬኑ አጠገብ የምንኖርባት አፓርትመንት የፖስታ ሳጥን ላይ አራት ስም ተለጥፎ ነበር። አንዱ የእኔ ነው። አንዱ ከእኛ በፊት የነበረ ተከራይ ነው። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ የድንቼ እንደሆነ አውቃለሁ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቸኩዬ አላውቅም፤ ደብዳቤ ስለማይመጣ።

እንዲህ ስንኖር ድንቼ ልጅ ወደደ። ልጅቷ ወይንሸት ትባላለች፤ ካምቤል ከተማ ከአጎቷ ጋር የምትኖር የነርስ ተማሪ። አጎቷ ዶክተር አስፋው ናቸው፤ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ ኮሌጅ ሒሳብ የሚያስተምሩ፣ እሑድ ከሰዓት በራሳቸው ሳሎን ክራባት የሚያስሩ ሰው። ያስመጧትና ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ወይንሸት ቁርጧን ለድንቼ ነግራዋለች፦ "ጋሼ እሺ ካላሉ እኔ አላገባም። ሽማግሌ ላክ።" ድንቼ እንቅልፍ አጣ። እህል አስጠላው። ድንች እንኳ ተወ።

ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጥን። አንደኛው ጋሽ በላይነህ ናቸው፤ ኦክላንድ መኪና ማቆሚያ የሚሠሩ፣ ሽበታቸው ብቻውን ልጃገረድ የሚያስፈቅድ አዛውንት። ሁለተኛው ሄይዋርድ መጋዘን የሚሠራው ቀጮ ነው፤ ስሙ ከወጣለት በኋላ አርባ ኪሎ ጨምሯል፣ ስሙን ግን የከለሰለት የለም። ሦስተኛው እኔ። ሽበት ባይኖረኝም መንገዱን አውቃለሁ።

መንገድ ላይ ሁሉን ተለማመድን። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ እንቢ ቢሉ ማን እንደሚያለዝብ፣ ዘመድ ማነው ብለው ቢጠይቁ ማን እንደሚመልስ። ጋሽ በላይነህ "ጨርሰናል፤ የቀረ ነገር የለም" አሉ። እውነትም የቀረ ነገር ያለ አልመሰለንም።

ዶክተር አስፋው በር ከፈቱልን። ቤቱ ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍና ሸክላ ነው። ከጥግ ፒያኖ የሚሰማበት ሸክላ በቀስታ ይዞራል።

"ግቡ፣ አረፍ በሉ።"

"አንቀመጥም፤ ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን" አሉ ጋሽ በላይነህ እንደ ወጉ። ቀጠሉ። እንዴት ያለ ንግግር ነበር መሰላችሁ። ስለ ጋብቻ ክቡርነት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ዘር መተካት፣ ስለ ዶክተር ስመ ጥርነት። ቀጮ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ስለዚህ ልጅዎን ወይንሸትን ለልጃችን ለ..." ብለው ቆሙ።

ቆሙ ስላችሁ፣ ጭራሽ ቆሙ። ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። እኔ የፖስታ ሳጥኑን አሰብኩና "ለሰለሞን" አልኩ። በዚያው ቅጽበት ቀጮ በሙሉ ልቡ "ለዳንኤል" አለ።

ዶክተር አስፋው ሁለታችንንም አዩን።

"ሙሽሮቹ ሁለት ናቸው እንዴ?"

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ሦስታችንም ምንጣፉን እናይ ጀመር።

"ለመሆኑ እናንተ ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?"

"ድንቼ" አለ ቀጮ፣ ድምፁ ከጫማው ሥር እየወጣ።

ዶክተር መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "እኔ" አሉ ረጋ ብለው፣ "ይህችን ልጅ የእህቴ አደራ ብዬ ነው ያሳደግኋት። እናንተ ስሙን ለማታውቁት ሰው ዋስ ሆናችሁ መጣችሁ። ስሙን ስታውቁ ተመለሱ። ባትመለሱም ቅር አይለኝም።" ወደ በሩ እጃቸውን ዘረጉ።

የድንቼ ዕድል በዚያች እጅ ላይ ነበር። ኦክላንድ ስልክ አጠገብ ተቀምጦ እየጠበቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ምን ብዬ ነው የምነግረው? እግሬ ወደ በሩ ሲሄድ ጆሮዬ ግን ሸክላው ላይ ቀረ። ያቺ ዜማ። ሚስ ዶረቲ ቦርሳቸውን ከመዝጋታቸው በፊት የሚጫወቷት ዜማ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "ይቺ የእንጉዳዩ አይደለችም?"

"የማን?"

"የእንጉዳዩ። ሸክላው ላይ ሌላ ስም ይኖረዋል። ወዳጆቹ ግን ትንሹ እንጉዳይ ነበር የሚሉት። አጭርና ድንቡሽቡሽ ያለ ስለነበረ።"

ዶክተር አስፋው አላመኑኝም። ከመደርደሪያው አንድ የጡብ ያህል የከበደ መጽሐፍ አወረዱና ቆመው ያገላብጡ ጀመር። እኛም ቆመናል። ሸክላው አልቆ መርፌው ባዶውን ይፍቃል። አንድ ገጽ ላይ ቆዩ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

"እውነት ነው" አሉ፣ ቅድም ከነበረው ባነሰ ድምፅ። "ይህን ሰው ሠላሳ ዓመት ሰማሁት። የተወለደበትን አውቃለሁ፣ የሞተበትን አውቃለሁ። ይህን ግን..." መጽሐፉን ዘጉት። "ተቀመጡ እስቲ።"

ተቀመጥን። ያኔ ቀጮ ያልተለማመድነውን ተናገረ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ወድቆበት እግሩ የተሰበረ ጊዜ ድንቼ ከሥራው በፊት ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው ከኦክላንድ ሄይዋርድ እየነዳ መጥቶ እንዳጠበው፣ እንዳበሰለለት ነገራቸው። "እናቴ ብትኖር የምታደርግልኝን ነው ያደረገልኝ" አለ። "ስሙን ባለመጠየቄ ዛሬ አፈርኩ። ስለ ሰውየው ግን አላፍርም።" እኔም ካርቱምን ነገርኳቸው። ዶክተር ሲሰሙ አንድም ጊዜ አላቋረጡንም።

"ወይኒዬ" ብለው ተጣሩ። ወይንሸት ከበሩ ጀርባ ሩቅ ስላልነበረች ቶሎ መጣች። "የዚህ ልጅ ስም ማነው?"

አንገቷን ደፍታ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ከነክርስትና ስሙ አወረደችው። እንዴት ያለ ያማረ፣ ረጅም ስም መሰላችሁ። ሦስታችንም እንደ ምሥራች ሰማነው። ጋሽ በላይነህ እስክሪብቶ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ጻፉት።

ዶክተር ፈቀዱ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁን። "የጥሪው ካርድ ላይ ይህ ስም ሙሉውን ይታተማል። ያቺ የአትክልት ስም በየትም ቦታ እንዳትገባ። የአባቱ ክብር ነው።" እውነታቸውን ነው። ካርዱ ታትሞ ሲመጣ ድንቼ ስሙን በወርቅ ቀለም አየውና ፊደል በፊደል በጣቱ ዳሰሰው። አንዱን ለይቶ ደረት ኪሱ ከተተ። "ለፋዘር እልክለታለሁ" አለ። ወይንሸት በዚያ ውብ ጽሕፈቷ ፖስታውን ሁሉ ጻፈች፤ ለድንቼ ወዳጆች ብቻ ከመቶ በላይ ተላከ።

የሠርጉ ዕለት ሳን ሆዜ ያለው አዳራሽ በሁለት ጎን ተዘጋጅቷል። የሙሽሪት ወገን በጊዜው ሞላ። በሙሽራው ወገን፣ ነጭ ጨርቅ በለበሱ አሥራ ሁለት ጠረጴዛዎች፣ ሦስት ሰዎች ተቀምጠን ነበር። ጋሽ በላይነህ፣ ቀጮ፣ እኔ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ደግሞ ግማሽ ጠበቅን። የወይንሸት አክስቶች አንገታቸውን እያስረዘሙ ያዩን ጀመር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ከተማው ሁሉ ወዳጁ የሆነ ሰው ሰው አጣ።

ድንቼ በሱፍ ልብሱ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ወደኔ ጎንበስ አለ። "ሰው ያለኝ ይመስለኝ ነበር" አለኝ። ያን ቃል ሲናገር ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

በዚህ መሃል ጋሽ በላይነህ ካርዷን ከኪሳቸው አውጥተው ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ። ቀጥሎ ግንባራቸውን መቱ።

"እኔ ራሴ ይህች ካርድ በፖስታ ስትደርሰኝ የማን ሠርግ ይሆን ብዬ ፍሪጅ ላይ ለጥፌአት ነበር" አሉ። "እኔ፣ ስሙን መዳፌ ላይ የጻፍኩት ሰውዬ።"

ወደ ስልኩ ሮጥን። የአዳራሹ ወጥ ቤት አጠገብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስልክ አለ። ለመጀመሪያው ሰው ደወልኩለት።

"አሁን ነው የምትጠራኝ?" አለኝ አኩርፎ። "ድንቼ እንደሚያገባ ሰማሁ። ካርድ ነፈገኝ። ይሁን፣ ጥሩ ነው።"

"ካርድ አልደረሰህም?"

"የማላውቀው ሰው ካርድ ነው የደረሰኝ። አድራሻ ተሳስተው ነው።"

ለካ ከተማው በሙሉ፣ ከሄይዋርድ እስከ ቴሌግራፍ፣ ካርዱን ይዞ ቤቱ ተቀምጦ አኩርፏል። ያኮረፈ ደግሞ ስለማይናገር ማንም ለማንም አልነገረም። ለሌላ ሰው ደወልን፣ ለሌላ፣ ለሌላ። አንዱ "ሺፍት ላይ ነኝ፣ ግን ኦፍ እጠይቃለሁ" ይላል፤ አንዱ ሳይሰናበት ስልኩን ይዘጋና እየመጣ መሆኑን በዚያ እናውቃለን። ሦስታችን ብንሆንም ድንቼ ከኪሱ አውጥቶ ያቀበለን ማስታወሻ ደብተር መቶ ስም አላት፤ ስም ስላችሁ ደግሞ ቡጡ፣ አሮጌው፣ ጎሹ፣ ሻምበል የሚል ነው። እየተሻማን ሳለ ከኋላዬ አንድ እጅ ተዘረጋ። ዶክተር አስፋው ናቸው።

"ወዲህ በለው" አሉ። ስልኩን ተቀበሉኝ። ክራባታቸውን አስተካከሉ።

"ሃሎ። ዶክተር አስፋው እባላለሁ፤ አያውቁኝም። የምደውለው ስለ..." ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አዳራሹን ዞር ብለው አዩ። "ስለ ድንቼ ሠርግ ነው። አዎ። ድንቼ። እየጠበቅንዎት ነው።"

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። ሠላሳ ሰው ሳይጠሩ አልቀሩም፣ በየጥሪውም ቃሏ አፋቸው ላይ እየጣፈጠች ሄደች። አዳራሹ በር ላይ መኪና ይደረደር ጀመር። የሥራ ሸሚዙን ሳይቀይር የመጣ አለ፣ ልጆቹን በፒጃማ አቅፎ የመጣ አለ። ቡጡ በሩ ላይ ድንቼን አንቆ ይዞ "ምን አለ በስምህ ብትጠራኝ" እያለ ይወቅሰዋል። ድንቼ ይስቃል፤ እየሳቀ ፊቱን በመሐረብ ይጠርጋል። አሥራ ሁለቱ ጠረጴዛ ሞልቶ ወንበር ከሙሽሪት ወገን ተበደርን።

ደብተሯ ላይ የቀረ አንድ ቁጥር ነበር። ከጎኑ "ሽማግሌው" የሚል ተጽፏል፤ ቴሌግራፍ ነዳጅ ማደያ የሚሠሩ፣ ድንቼ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው አዛውንት ናቸው። ዶክተር ደወሉላቸው። እኔ ከጎናቸው ቆሜ የአንዱን ወገን ብቻ እሰማለሁ።

"ዶክተር አስፋው ነኝ... አያውቁኝም፣ አዎ... እንዴ? አዳሪ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት... አዎ፣ በዚያው ዘመን... እርስዎም?" ፊታቸው ተለወጠ። "አይ፣ አስፋው ብለው አያስታውሱኝም። እዚያ እንደዚያ የሚለኝ ሰው አልነበረም።"

ዞር ብለው አዩኝ። ጀርባቸውን ሰጡኝና ግድግዳው ላይ ተለጥፈው፣ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ጩጬ ነኝ" አሉ።

ከስልኩ ውስጥ የፈነዳው ሳቅ እኔ ድረስ ደረሰ። ዶክተር አስፋው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ቆዩና ስልኩን ሰቀሉ። ወደኔ ሲዞሩ ዓይናቸው ረጥቧል።

"ሰማህ?" አሉኝ።

"ምኑን፣ ጋሼ?" አልኳቸው።